ከእንጦጦ ጫካ እስከ እንጀራ ምጣድ

ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ ቦታው የተመረጠው ለመከላከል አመቺ ስለነበረ ነው። ከተራራው ጫፍ ሆኖ የሚመጣውን ሠራዊት ከሩቅ ማየት ይቻላል። ለጓዳ ሥራ ግን እንጦጦ ከባድ ቦታ ነበር። ብርዱ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ይፈልጋል፤ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል፤ ለቤት መሥሪያም ለማገዶም የሚቆረጠው ጽድና ወይራ በየክረምቱ ከሰፈሩ እየራቀ ይሄዳል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ዳገት ብዙ ዛፉን ጨርሶ ነበር።

በዚያ ዘመን የማገዶ እጥረት የሚታወቀው በእግር መንገድ ነው። እንጨት ለቃሚው ጠዋት ወጥቶ ቀትር ላይ ከተመለሰ ደኅና ነው፤ ሲመሽ ከገባ ችግር መጥቷል፤ ውጭ ማደር ከጀመረ ደግሞ መናገሻው ሊነሣ ነው ማለት ነው። የሸዋ ነገሥታት ሰፈራቸውን ደጋግመው ካዛወሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ዛፉ ወደ ከተማው ስለማይመጣ ከተማው ወደ ዛፉ ይሄድ ነበር።

በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስሙን አዲስ አበባ ካሉት በኋላ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ከተራራው ወረደ። ብርዱ ቀነሰ፣ ውኃውም ቀረበ፤ የእንጨቱ ነገር ግን ባሰ። በሜዳው ላይ ድንኳንና ጎጆ በበዛ ቁጥር የቀረው የእንጦጦ ጽድ አለቀ፤ ማገዶና የቤት ማገር ከመናገሻ ተራራ አካባቢ ጭምር መምጣት ጀመረ። ምኒልክም የአባቶቻቸውን መፍትሔ አሰቡ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ጫካ በነበረበት አገር፣ አዲስ ዓለም የምትባል ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ፤ ወደዚያ የሚወስድ መንገድም ተጠረገ።

ከተማዋን ከመነሣት ያዳናት ከአውስትራሊያ አገር የመጣ ዘር ነው። ከዓድዋ ዘመቻ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ፣ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ገባ። ያመጣው ማን እንደሆነ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ከተሞከሩት ዓይነቶች ደጋውን የወደደው ዛሬ ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለው ሆነ። ቶሎ ይመዘዛል፤ ከብት ቅጠሉን ስለማይበላው አጥር አይፈልግም፤ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ጉቶውን ከጠበቀ በየጥቂት ዓመቱ እየቆረጠ ለልጁም ያወርሰዋል።

የምኒልክ መንግሥት ያደረገው ብልኅ ነገር ዛፉን ከማስመጣት ቀጥሎ የመጣው ነው። ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ግብር ቀረለት፤ ችግኝም በርካሽ ይታደል ጀመር። መሬት ያለው መኳንንት ሁሉ ለገዛ ጥቅሙ ሲል ተከለ። ማገዶ በትእዛዝ ከሚሰበሰብ ነገርነት ወጥቶ ተተክሎ የሚሸጥ ነገር ሆነ። አዲስ ዓለምም መናገሻ መሆኗ ቀርቶ በቤተ ክርስቲያኗ የታወቀች ከተማ ሆና ቀረች።

ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከተማዋ በዛፍ ተሸፈነች፤ አውሮጳውያን ጎብኚዎች የባሕር ዛፍ ከተማ ይሏት ጀመር። ቅሬታውም አብሮ መጣ። ምንጭ ያደርቃል፣ ጉድጓድ ያነጥፋል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም ተባለ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከተተከለው ሁለት ሦስተኛው ይነቀል፣ በምትኩም የሐር ትል የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ ይተከል የሚል አዋጅ ወጥቶ ነበር። አዋጁ አልተፈጸመም። ባለመሬቱ ከዛፉ ገንዘብ እያገኘ፣ ባለ ጓዳው እሳት እያገኘ፣ የሚነቅል ሰው ከየት ይመጣል? ያም ሆኖ ይህ አዋጅ መታሰብ ያለበት ነው። በዚህች አገር የአንድ ሸቀጥ አቅርቦት ከሚያስገኘው ጥቅም ጎን በውኃና በአፈር ላይ የሚያመጣው ጉዳት ተመዝኖ ውሳኔ ሲሰጥበት ከሚታወቁት የመጀመሪያ ጊዜያት አንዱ ነው። የጎደለው ልኬት ነበር። ስንት ምንጭ ደረቀ፣ የትኛው ጉድጓድ ነጠፈ የሚል ቁጥር በእጁ የያዘ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ክርክሩ ዓይኑን ባመነና ኪሱን ባመነ ሰው መካከል ሆኖ ቀረ። ክርክሩ ዛሬም አልሞተም።

እስከ 1960ዎቹ ዓ.ም. ድረስ ሰንሰለቱ ይህን ይመስል ነበር። ላይ ባለ ርስቱ፣ ከእሱ በታች ጭሰኛውና የጫካ ዘበኛው፣ ቀጥሎ ግንዱን በጅምላ የሚገዛው ነጋዴ፣ ከዚያ አህያ ነጂው፣ መጨረሻ ላይ ባለ ጓዳዋ። አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ተመራማሪ ሮናልድ ሆርቫት እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ አዲስ አበባ የባሕር ዛፍ ደን አንድ ጥናት አሳተመ። በእነዚያ ዓመታት በከተማዋ ዙሪያ ያለው የባሕር ዛፍ መሬት 13,500 ሄክታር ገደማ ይገመት ነበር። ሰው ሠራሽ ደን አንዲትን ዋና ከተማ ቀለበት ሆኖ ከቦ በየቀኑ እሳቷን ሲያቀርብላት በዓለም ላይ ብዙ ምሳሌ የለውም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ያልቆጠረው ነገር ቅጠሉ ነው። ግንዱ ዋጋ ያለው ስለሆነ ይጫናል፤ ቅጠሉ፣ ጭራሮውና ቅርፊቱ ከጫካው ወለል ላይ ይቀራል። ለእንጀራ ግን ከግንድ ይልቅ ቅጠል ይሻላል። ስድሳ ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የሸክላ ምጣድ ከዳር እስከ ዳር እኩል እንዲግል ቶሎ የሚነድ፣ ሰፊ ነበልባል ያስፈልገዋል፤ ዘይት ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ሲለኮስ ቦግ ይላል። በኢትዮጵያ ቤቶች ለምግብ ማብሰያ ከሚነደው ውስጥ ከግማሽ በላዩን የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። ስለዚህ ባለ ርስቱ የጣለው ቅጠል የደሃ ቤት ዋና ማገዶ ሆነ፤ ጠርገው፣ አስረው፣ ተሸክመው የሚያወርዱትም ሴቶች ሆኑ።

መንገዳቸው በጉለሌ በኩል ነው። ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ስድስት ኪሎ፤ ሌላው ጅረት በቀጨኔ በኩል ወደ አዲሱ ገበያና ወደ መርካቶ። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው፤ ከጋሞ ደጋ የመጡ ዶርዜዎች ጥበብ የሚሠሩበት። ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው፤ ምጣዱ፣ ጀበናው፣ ድስቱ የሚወጣበት። ቅጠሉም፣ ምጣዱም፣ እንጀራ የሚጋገርለት ሰውም በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገናኛሉ፤ የማገዶውን ታሪክ ከጉለሌ ሆኖ ማየት የሚቀለውም ለዚህ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገውን አዋጅ አወጀ። ከጥቂት ወራት በኋላ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። በከተማዋ ዙሪያ ያለው ደን ባለቤቱ ተለወጠ፤ ባለ ርስቱ ወጥቶ መንግሥት ገባ። የግንዱ ንግድም ከጊዜ በኋላ የኮንስትራክሽንና የማገዶ እንጨት ማምረቻና መሸጫ በሚባል የመንግሥት ድርጅት እጅ ሆነ።

ድርጅቱ የሚቆጥረው በሜትር ኪዩብ ነው። ይህን ያህል ሄክታር ተቆረጠ፣ ይህን ያህል ሜትር ኪዩብ ተሸጠ፣ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ። ከጫካ ወጥቶ በመኪና የሄደው ሁሉ መዝገብ ውስጥ አለ። በሰው ጀርባ የወረደው ግን በመዝገቡ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ቢኖረውም ስርቆት ተብሎ ነው። ሴቶቹ ከጫካ ዘበኛ ጋር የሚያደርጉት ትንቅንቅ ከዚህ ይመጣል። ዘበኛው ሸክሙን ይቀማል፣ ገመዱን ይወስዳል፣ ጉቦ ይጠይቃል፤ ከዚህ የከፋም ይደርስባቸዋል። በኋላ የመጡ ጥናቶች ይህን ሁሉ ከሴቶቹ አንደበት መዝግበውታል። አንድ ድርጅት ራሱን በሸጠው ሜትር ኪዩብ ብቻ ሲለካ ቅጠል የምትጠርግ ሴት ኪሳራ ሆና ትታየዋለች፤ ያው ድርጅት የከተማዋን ጓዳ በማድረስ ቢለካ ኖሮ ያቺው ሴት ከማንም በላይ አቅራቢው ነበረች።

1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመን ነው። ከሰሜንም ከሌላውም አገር የመጣ ብዙ ሰው ከተማዋ ጠርዝ ላይ ሰፈረ፤ ሌላ ሥራ ያጣች ሴትም ገመዷን ይዛ እንጦጦ ወጣች። ያን ጊዜ ዓለም ስለ ማገዶ ችግር ማውራት ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የዓለም ባንክና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢትዮጵያን የኢነርጂ ዘርፍ የሚፈትሽ ሪፖርት አወጡ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ቼሰን የተባለው የኢጣልያ ድርጅት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በመተባበር ብሔራዊ የኢነርጂ ጥናት አጠናቀቀ። አገሪቱ ከምትጠቀመው ኢነርጂ ከዘጠና በመቶ በላዩ እንጨት፣ ኩበት፣ ከሰልና የሰብል ተረፈ ምርት መሆኑ በቁጥር ተቀመጠ። ስለ ነዳጅና መብራት ኃይል ሲከራከሩ የነበሩ ቢሮዎች ዋናው ነዳጅ ከጠረጴዛቸው ውጭ እንደነበረ ያን ጊዜ አዩ።

ከእነዚያ ጥናቶች ሁሉ አርቆ ያየው ኬኔት ኒውኮም እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም ባንክ የጻፈው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ስሌቱ ግን ቀላል አይደለም። እንጨት ሲያልቅ ሰው ኩበት ያነዳል። ኩበቱ ወደ ማሳ መመለስ የነበረበት ማዳበሪያ ነው። ማሳው ሲራብ ምርቱ ይወርዳል፤ ምርቱ ሲወርድ ገበሬው ሌላ መሬት ይመነጥራል፤ ዛፉም ያልቃል። ኒውኮም የተቃጠለውን ኩበት ወደ ጠፋ እህል፣ የጠፋውን እህል ወደ ገንዘብ ለወጠው። በዚህ ሂሳብ ማገዶ መትከል ከእንጨቱ ሽያጭ ብቻ ሲታይ የማያዋጣ መስሎ የታየበት ቦታ እንኳ የሚያዋጣ ሆነ። አንድን የአቅርቦት ሰንሰለት እስከ መጨረሻው ተከትሎ፣ ጉዳቱን ከሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆጥሮ ለወሳኙ ማቅረብ ማለት ይህ ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላም ቢሆን ያ ጽሑፍ ሊነበብ ይገባዋል።

ውሳኔው ግን ከስሌቱ ጠበብ ብሎ ወጣ። ፍላጎት ይህን ያህል፣ አቅርቦት ይህን ያህል፣ ጉድለቱ ይህን ያህል፤ እንግዲህ ጉድለቱን የሚያህል ደን ይተከል ተባለ። በአዲስ አበባ ዙሪያና በሌሎች ከተሞች ጠርዝ በብድርና በእርዳታ የማገዶ ደኖች ተተከሉ። ዛፍ መተከሉ በራሱ መልካም ነው። የጉድለት ስሌቱ ግን የሰውን ብልኃት ይረሳል። እንጨት ሲወደድ ባለ ጓዳዋ ትቆጥባለች፣ ቅጠል ትቀይራለች፣ ገበሬውም በአጥሩ ዙሪያ ይተክላል። በዚያን ጊዜ ለብዙ የአፍሪካ አገሮች የተተነበየው የእንጨት መጨረሻ በተባለው ቀን ያልመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰንሰለቱን ከሥር ጀምሮ ያየችው ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ ናት። ፈቀርተ ኃይሌ በአዲስ አበባ ስላሉ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ያጠናችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 በካናዳ የአፍሪካ ጥናቶች መጽሔት ወጣ፤ ሰፊው ሪፖርት ደግሞ በ1991 በዓለም ሥራ ድርጅት በኩል ታተመ። ጥያቄዋ ከእሷ በፊት ከተጠየቁት ይለያል። ስንት ሜትር ኪዩብ ይወጣል ከማለት ይልቅ ማን ይሸከመዋል፣ ስንት ይመዝናል፣ ከየት እስከ የት፣ በስንት ይሸጣል፣ ተሸካሚዋስ ምን ትሆናለች ብላ ጠየቀች።

የተገኘው ቁጥር የሚያስደነግጥ ነው። አማካዩ ሸክም 36 ኪሎ ገደማ፤ መንገዱ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ፤ አንዳንዷ የምትሸከመው የራሷን ክብደት ያህል። ከተማዋ ከምትጠቀመው እንጨት አንድ ሦስተኛ ያህሉ በእነዚህ ሴቶች ጀርባ የወረደ ሆኖ ተገኘ። መውደቅ፣ የአጥንት ስብራት፣ የዓይን ሕመም፣ የደም ማነስ፣ የወገብና የደረት ሕመም፣ ውርጃም ተመዝግቧል። አንድ ቀን ይለቅማሉ፣ በማግስቱ ይሸጣሉ። ሻጯ ልጇን ካጠባች በኋላ ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ስትመለስ ወገቧ ላይ ያለው እስር ከግራ ከቀኝ ወጥቶ መንገዱን ስለሚዘጋ ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ቁልቁለት መኪና ሲመጣ ጥግ ይዛ፣ ሸክሟን ሳታወርድ፣ ግንብ ተደግፋ ትቆማለች። ካወረደችው ብቻዋን መልሳ ማንሣት አትችልም።

ይህ ጥናት የሠራውን ሥራ አሳንሶ ማየት አይገባም። ከዚያ በፊት በከተማዋ የማገዶ ሪፖርቶች ውስጥ ሴቶቹ የሚታዩት ደን የሚያራቁቱ ተብለው ነበር። በእርግጥም ቅጠሉ ተጠርጎ ሲወሰድ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፤ የክረምት ጎርፍም ከእንጦጦ ወደ ቀጨኔና ወደ ቀበና ወንዞች ይዞት ይወርዳል። ነገር ግን አንድ ሦስተኛውን የሚያቀርብ ሰው በጥበቃ ብቻ የሚባረር አይደለም፤ ብታባርረው ያ አንድ ሦስተኛ ከየት ይመጣል? ሌላ ሥራ የሚለው ሐሳብ ከዚህ ጥያቄ ወጣ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በዓለም ሥራ ድርጅት ድጋፍ እንጨት ተሸካሚዎች ተደራጁ፤ ሸክሙን የተዉት ሴቶች ባቋቋሙት ማኅበር ሽመና ተማሩ፤ ሻሽና ነጠላ እየሠሩ ለጎብኚ መሸጥ ጀመሩ። ሽመና የወንድ ሥራ በሆነበት በዚያ አካባቢ ሴት መወርወሪያ ይዛ ጉድጓድ ውስጥ መቀመጧ ራሱን የቻለ ለውጥ ነበር። የዳኑት ከጠቅላላው ጥቂቶች ናቸው፤ ለእነሱ ግን ሕይወት ነው።

በዚያው ዘመን ሌሎች ሰዎች የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍ ያዙ፤ ምድጃውን። በዓለም ባንክ ገንዘብ በተጀመረ ፕሮጀክት የኢነርጂ ባለሙያዎች ሁለት ነገር አወጡ። አንደኛው የኬንያውን የሸክላ ከሰል ምድጃ ተከትሎ የተሠራው ላቀች ነው፤ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል ተባለ። ሁለተኛው ለእንጀራ የታሰበው ምርጥ ነው። ከሲሚንቶና ከፑሚስ ድንጋይ ተቦክቶ በቅርጽ ይወጣል፤ አራቱ አካል ተጋጥሞ ምጣዱን ይከባል፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው የጭሱን መውጫና የድስት መጣጃውን ይሠራሉ። ከተሰበረ አንዱን ቁራጭ ብቻ መተካት ይቻላል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል የሚል ቁጥር ወጣለት፤ ከ1990ዎቹ መባቻ ጀምሮ ደግሞ የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት አነስተኛ አምራቾችን እያሠለጠነ በየክልሉ አስፋፋው።

ያ ግማሽ የሚለው ቁጥር እንዴት እንደሚገኝ ማየት ይጠቅማል። ሙከራው ጋጋሪ፣ ሊጥ፣ እንጨትና ሚዛን ይፈልጋል። እንጨቱ ይደርቃል፣ ይመዘናል። ሊጡም ይመዘናል። ጋጋሪዋ እንደ ወትሮዋ ትጋግራለች፤ ቀጂው እጇ፣ አክንባሎውን የምታነሣበት ሰዓት፣ ማሰሻው ሁሉ የእሷ ነው። ሲያበቃ የተረፈው እንጨት፣ የቀረው ፍምና የወጣው እንጀራ እንደገና ይመዘናሉ። ለአንድ ኪሎ እንጀራ ስንት ግራም እንጨት ሄደ? መልሱ ያ ነው። ከሦስት ጉልቻው ጋር ይነጻጸራል። በዚህ ሙከራ ውስጥ ማገዶው ደረቅ ነው፤ ጋጋሪዋ ማንም አያዋክባትም፤ ልጅ አያለቅስም፤ ሌላ ድስት አይጣድም።

ቤት ውስጥ ግን ሁሉም አለ። ስለዚህ ሌሎች ተመራማሪዎች ሚዛኑን ይዘው ወደ ገጠር ቤቶች ሄዱ። ዘነበ ገብረእግዚአብሔር፣ አበበ በየነ፣ ራንዳል ብለፍስቶንና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ቤቶች ውስጥ ባደረጉት የማብሰያ ሙከራ ምርጥ የቆጠበው ከ22 እስከ 31 በመቶ ሆነ። በሌላ ጥናታቸው ምድጃው ላይ ሙቀት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ገጠሙ፤ ሴትየዋ ትጠቀምበታለች ወይስ ጥግ አስቀምጣዋለች የሚለውን ከቃሏ ይልቅ መሣሪያው መለሰ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ውጤት አንድ ምርጥ በዓመት 634 ኪሎ ያህል እንጨት ያተርፋል፤ ቀድሞ ይገመት ከነበረው ግማሽ ያህል ማለት ነው።

አንዳንዱ ይህን ለምርጥ እንደ ውድቀት ቆጠረው። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። 634 ኪሎ ማለት በፈቀርተ መለኪያ ከአሥራ ሰባት በላይ ሸክም ከአንድ ሴት ጀርባ ላይ ወረደ ማለት ነው። የበጀት ወሳኝ የሚያስፈልገው ይህ ቁጥር ነው፤ ግማሽ ይቆጥባል ተብሎ የታቀደ ፕሮግራም ሩብ ሲያመጣ ከሰረ ይባላል፤ ሩብ ተብሎ የታቀደው ግን ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥት ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂውን ሲያወጣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ቅድሚያ ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ነበር፤ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ዘጠኝ ሚሊዮን ምድጃ የማዳረስ ዕቅድም ተያዘ። ያ ዕቅድ የታሰበበትና የመሣሪያው ቁጥር የወጣበት ጊዜ አለመገጣጠሙ ያሳዝናል።

ከካርቦን ገበያ ጋር የመጣ ሌላ ልኬት አለ። አንድ ምድጃ ያዳነው ጭስ ለሽያጭ የሚቆጠረው እንጨቱ ከማይታደስ ደን የመጣ ከሆነ ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት አካል ለኢትዮጵያ የያዘው መነሻ ቁጥር 88 በመቶ ነበር፤ ከሚነደው እንጨት ውስጥ ያን ያህሉ አይተካም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሮበርት ቤይሊስና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ግን በዓለም ደረጃ የማይታደሰው ከ27 እስከ 34 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ምንም እንኳ ምሥራቅ አፍሪካ ከባሰባቸው አካባቢዎች አንዱ ቢሆንም። ለጉለሌ ሰው ይህ ክርክር ከእንጦጦ ይጀምራል። ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ በየጥቂት ዓመቱ ይመለሳል፤ ከሩቅ ቆላ በጆንያ የሚመጣው የግራር ከሰል ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ለሁለቱ አንድ መቶኛ መስጠት ለሁለቱም አይበጅም።

ደኑ ራሱ በእነዚህ ዓመታት ሌላ ባለቤትና ሌላ መለኪያ አገኘ። በ1987 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ የተፈጥሮ ፓርክ ይዞ ባሕር ዛፉን በጽድ፣ በወይራ፣ በኮሶ መተካት ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ705 ሄክታር ላይ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን መሠረቱ፤ ከመሪዎቹ መካከል ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ይገኙበታል። እዚያ የሚቆጠረው የዕፅዋት ዝርያ ነው። ምኒልክ ማገዶ ያዩበት ዳገት፣ ደርግ ሜትር ኪዩብ ያየበት ዳገት፣ አሁን በምንጩ፣ በአፈሩና በአገር በቀል ዛፉ ይመዘናል። በ1905 ዓ.ም. አዋጅ ውስጥ የነበረው ቅሬታ መቶ ዓመት ቆይቶ መሥሪያ ቤት አገኘ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከተማው ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገባ። ሸክላው ያው የጥንቱ ነው፤ ከሥሩ ጎድጎድ ተደርጎ የሚግል ሽቦ ይቀመጥበታል። ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይጎትታል። ኮንዶሚኒየም ቤት ቅጠል አይነድም፤ ጭሱ ጎረቤት ያስነሣል። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ሲያነሣ ናፍጣና ቤንዚን ብቻ ሳይሆን የደሃ ቤት ጋዝም ተወደደ። ዮናስ ዓለም፣ አበበ በየነ፣ ጉናር ኮሊንና ዓለሙ መኮንን እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 ያሉትን የከተማ ቤቶች ተከታትለው ያወጡት ጥናት አንድ ነገር ግልጽ አድርጓል፤ ሰው ገቢው ሲያድግ ወደ ንጹሑ ይሸጋገራል፤ አሮጌውን ግን አይጥልም። እንጀራው በኤሌክትሪክ፣ ወጡ በከሰል፣ ቡናው በፍም፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም በእንጨት።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። ሴቶቹ ቅጠል ይጠርጉበት የነበረው ዳገት የብስክሌት መንገድ፣ ካፌና መዝናኛ ተሠራበት፤ ሸክም ከተዉት መካከል በፓርኩ ሥራ ያገኙ አሉ። ፓርኩ ስንት ጎብኚ አስተናገደ የሚለው በየዓመቱ ይነገራል። ከእንጦጦ የቀረው ቅጠል በየትኛው ጓዳ በምን ተተካ፣ ሸክሙ ወደ ሱሉልታ ወገን ሸሸ ወይስ ቀረ የሚለው ግን እኩል ክብደት ይገባዋል፤ የሰንሰለቱ አንድ ዘለላ ሲነሣ ጭነቱ ወደ ሌላው ይሄዳልና።

የሚጠየቀው ነገርም ተለውጧል። የዓለም ባንክ ባለ ብዙ ደረጃ የሚባለውን የኢነርጂ ተደራሽነት መመዘኛ ይዞ በኢትዮጵያ ያካሄደው የቤት ለቤት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ምድጃን በስድስት ነገር መዝኖ ነበር፤ በጭሱ፣ በቁጠባው፣ በደኅንነቱ፣ በዋጋው፣ በማገዶው መገኘትና በምቾቱ። ምቾት የሚለው ማገዶ ለመሰብሰብና ምድጃውን ለማዘጋጀት በሳምንት የሚሄደውን ሰዓት ይቆጥራል። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በሁለት ዙር እየጨመረ መጥቷል፤ መጀመሪያ በ2011 ዓ.ም. የጀመረው፣ ቀጥሎ ደግሞ መስከረም 2017 ላይ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲያድግ የተወሰነው። በጉለሌ ኮረብታ ላይ ያለች፣ በወር ገቢዋ ጠርዝ ላይ የምትኖር ባለ ጓዳ እያንዳንዱን ጭማሪ ከአንድ እስር ቅጠል ዋጋ ጋር ታነጻጽራለች፤ ታሪፍ የሚያወጣው መሥሪያ ቤትም ይህንኑ ንጽጽር በራሱ ሰንጠረዥ ውስጥ ቢያስገባ ስንት ቤት ወደ እንጦጦ መንገድ እንደሚመለስ አስቀድሞ ማወቅ ይችላል።